የዘመናት አከፋፈልና የጥምቀት ክርክር ታሪክ

ጥምቀት የክርስቲያኖች ሁሉ የጋራ በር ነው። ይሁን እንጂ በዚህ በር ማን ይግባ፥ መቼ ይግባ፥ ማንስ ያስገባው በሚለው ጥያቄ ሊቃውንት ከሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ሲከራከሩ ኖረዋል። ክርክሩን ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ነገሩ ሁሉ ስለ ውኃ ይመስለዋል፤ ሕፃን ይጠመቅ ወይስ ያደገ ሰው፥ በውኃ ውስጥ ይነከር ወይስ ውኃ ይፍሰስበት፥ አንድ ጊዜ ይበቃል ወይስ ይደገማል የሚል ነውና። ቀረብ ብሎ ለሚመረምር ግን ከውኃው በስተ ኋላ የቆመ ሌላ ጥያቄ ይገኛል። ይኸውም የዘመን ጥያቄ ነው። የአብርሃም ዘመንና የሐዋርያት ዘመን፥ የሐዋርያት ዘመንና የዛሬው ዘመን በአንድ ኪዳን የተሳሰሩ ናቸው ወይስ እያንዳንዱ የራሱ ሕግ ያለው የተለየ ክፍል ነው? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በተለያየ ቍጥር ስለ ጥምቀት የሚሰጠውም ትምህርት አብሮ ተለያይቷል።

ዘመንን መክፈል ለኢትዮጵያ መምህር እንግዳ ነገር አይደለም። በየማለዳው በጥቍር ሰሌዳ ራስጌ ቀኑን ጽፎ «ዓ.ም.» ብሎ ሲጨርስ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረውን 5500 ዘመን ከልደት በኋላ ካለው ዓመተ ምሕረት ለይቶ መጻፉ ነው። ተማሪውም ምሕረት የተባለው ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ በደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል። የዘመን አከፋፈል ኃይሉ በዚህ ላይ ነው፤ ከቍጥር ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ፥ ሰው ትምህርት መሆኑን ሳያውቅ እንደ ቀን መቍጠሪያ ይቀበለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ይህ ኃይል በጥምቀት ትምህርት ላይ ምን እንደ ሠራ፥ ከቅርጣግና እስከ ዙሪክ፥ ከዙሪክም እስከ አሜሪካ በነበሩ ጥቂት መምህራን ታሪክ ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

የቅርጣግና ሊቃውንት

ስለ ጥምቀት ብቻ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየው የመጀመሪያው፥ በ200 ገደማ በሰሜን አፍሪካ በቅርጣግና ከተማ በተርቱልያኖስ የተጻፈው ነው። ተርቱልያኖስ ጥምቀትን እጅግ ከማክበሩ የተነሣ መቸኰልን አልወደደም። በተለይ ሕፃናት አድገው ክርስቶስን እስኪያውቁ ድረስ ቢዘገዩ ይሻላል አለ። ስለ ሕፃኑ ቃል የሚገቡት ሰዎች ቃላቸውን ሳይፈጽሙ ሊሞቱ ይችላሉ፤ ወይም ሕፃኑ አድጎ ክፉ ጠባይ ቢይዝ ያፍራሉ ሲል ምክንያቱን ሰጠ። ከዚህ ምክር አንድ የታሪክ ማስረጃ ይገኛል። ሰው ያልተለመደውን ነገር «አትቸኵሉበት» ብሎ አይመክርምና፥ በዚያ ጊዜ ሕፃናታቸውን የሚያስጠምቁ ወላጆች እንደ ነበሩ ከተቃዋሚያቸው አፍ ይታወቃል።

ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ፥ በ253 ገደማ፥ ፊዱስ የተባለ ኤጲስ ቆጶስ ለቅርጣግናው ኤጲስ ቆጶስ ለቆጵርያኖስ አንድ ጥያቄ ላከ። የፊዱስ ዐሳብ፥ ሕፃን የሚጠመቀው በተወለደ በስምንተኛው ቀን መሆን አለበት፤ የአብርሃም ግዝረት በስምንተኛው ቀን ነበረና የሚል ነበር። ቆጵርያኖስ ከ66 ኤጲስ ቆጶሳት ጋር በጉባኤ መክሮ መለሰለት። መልሱም፥ ስምንተኛው ቀን የሚመጣው ነገር ምሳሌ ነበረ፤ እውነተኛው ከመጣ በኋላ ምሳሌው አልፏል፤ ስለዚህ ሕፃን ከጸጋ የሚከለከልበት አንድ ቀን እንኳ የለም የሚል ነበር። አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው፥ ሕፃን መጠመቅ እንዳለበት ሁለቱም ወገኖች መስማማታቸው ነው። የተለያዩት የብሉይ ዘመን ሕግ በሐዲስ ዘመን ውስጥ እስከ የት ድረስ ይዘልቃል በሚለው ነበረ። በክርክሩ መጀመሪያ ላይ የዘመን ጥያቄና የውኃ ጥያቄ እንዲህ ተጣምረው ታዩ።

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ ኖሯል። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ሴት ልጅ ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። ግዝረትና ጥምቀት አንዱ ሌላውን ሳያስወጣው ጎን ለጎን ቆመዋል። ይህን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያንን ወደ ብሉይ ዘመን ተመልሳችኋል ብለው በከሰሷቸው ጊዜ፥ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ባወጡት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረት የአገር ልማድ እንጂ እንደ አይሁድ ሥርዓት የሚጠበቅ አለመሆኑን አስረድተዋል። የንጉሡ መልስም በሥረ ነገሩ የዘመን አከፋፈል መልስ ነበረ፤ ሥራው ከቀድሞው ዘመን ቢመጣም ትርጓሜው ግን የአዲሱ ዘመን ነው ማለታቸው ነውና።

ወደ ቅርጣግና ለመመለስ፥ በ256 በቆጵርያኖስ ሰብሳቢነት 87 ኤጲስ ቆጶሳት ተሰብስበው፥ በመናፍቃን እጅ የተጠመቀ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ መጠመቅ አለበት ብለው ወሰኑ። የሮማው ኤጲስ ቆጶስ እስጢፋኖስ ግን እጅ በመጫን መቀበል ይበቃል እንጂ ጥምቀት አይደገምም አለ። ሁለቱ ሳይታረቁ ቆጵርያኖስ በ258 ስለ ሃይማኖቱ አንገቱን በሰይፍ ተቀላ፤ ጥያቄውም ለተከታዮቹ ትውልዶች ተረፈ።

አውግስጢኖስ

ይህን ጥያቄ የወረሰው አውግስጢኖስ የራሱ ሕይወት የክርክሩ መስታወት ነበረ። በ354 ተወለደ። በልጅነቱ በጠና ታምሞ ሳለ ጥምቀትን ለመነ፤ እናቱ ሞኒካም ልታስጠምቀው ተዘጋጀች። ነገር ግን በድንገት ስለ ተሻለው ጥምቀቱ ቀረ። በመጨረሻ በ387 በፋሲካ ሌሊት በሚላኖ ከተማ ከልጁ ከአዴዎዳቱስ ጋር በአንድነት በአምብሮስዮስ እጅ ሲጠመቅ ዕድሜው 32 ዓመት ነበረ። አባትና ልጅ ባንድ ቀን መጠመቃቸው የዚያን ጊዜ ልማድ ምን ያህል የተደባለቀ እንደ ነበረ ያሳያል።

አውግስጢኖስ ወደ አፍሪካ ተመልሶ ኤጲስ ቆጶስ በሆነ ጊዜ የዶናቱስን ወገኖች አገኘ። እነርሱም በስደት ጊዜ ያልጸና ካህን ያጠመቀው አልተጠመቀም በማለት ከሌላው ወገን የመጣውን ሁሉ እንደ ገና ያጠምቁ ነበር፤ ለዚህም የቆጵርያኖስን ስም ምስክር አድርገው ይጠሩ ነበር። አውግስጢኖስ በ400 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ፥ ጥምቀት የክርስቶስ ገንዘብ ነው፤ የካህኑ ኃጢአት አያረክሰውም፥ የካህኑም ጽድቅ አይጨምርበትም ሲል መለሰ። ከፔላግዮስ ጋር በተከራከረ ጊዜ ደግሞ ሕፃናት ለኃጢአት ስርየት የሚጠመቁት ከአዳም የወረሱት ስላለ ነው አለ፤ የ418ቱም የቅርጣግና ጉባኤ ይህንኑ አጸና።

የእነዚህ ክርክሮች ክብደት በመጽሐፍ ብቻ እንዳልቀረ የኢትዮጵያ ታሪክ ይመሰክራል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1626 ለሮማ መታዘዛቸውን በአደባባይ ከገለጹ በኋላ፥ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ካህናቱ እንደ ገና እንዲሾሙ፥ ምእመናኑም እንደ ገና እንዲጠመቁ አዘዘ። በአርባ ቀኑ ተጠምቆ በክርስትና ስሙ የኖረ ሽማግሌ ጥምቀትህ ያጠራጥራል ሲባል፥ የተነካበት ሥርዓት ብቻ አልነበረም፤ የአባቶቹ ክርስትና ሁሉ ነበረ። ሌሎችም ብዙ ምክንያቶች ተጨምረውበት የተነሣው ጦርነት ብዙ ደም አፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ።

አውግስጢኖስ ዘመንንም የከፈለ ሰው ነው። በቅርጣግና የነበረ ዴዎግራስያስ የሚባል ዲያቆን፥ አዲስ ለሚመጡ ሰዎች ትምህርት እንዴት እንደሚጀመር ግራ ገብቶት ጠየቀው። አውግስጢኖስ የመለሰለት ትንሽ መጽሐፍ ለመምህራን ከተጻፉት ጥንታውያን ምክሮች አንዱ ነው። በዚህ መጽሐፍ መምህር በደስታ ማስተማር እንዳለበት፥ ሰሚው ቆሞ ሲደክም ቢያይ ወንበር እንዲሰጠው ሳይቀር ይመክራል። የትምህርቱንም መንገድ ሲያሳይ የዓለምን ታሪክ በስድስት ዘመን ይከፍላል፤ ከአዳም እስከ ኖኅ፥ ከኖኅ እስከ አብርሃም፥ ከአብርሃም እስከ ዳዊት፥ ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ፥ ከምርኮው እስከ ክርስቶስ፥ ከክርስቶስ እስከ ዓለም ፍጻሜ።

ነገር ግን የአውግስጢኖስ ስድስት ዘመናት በአንድ ታሪክ ውስጥ ያሉ ምዕራፎች ናቸው፤ በዘመናቱ ሁሉ የምታልፈው የእግዚአብሔር ከተማ አንዲት ናት። ምሥጢራቱ ለምን እንደ ተለወጡ ሲጠየቅ፥ የቋንቋ መምህር የነበረ ሰው ነውና፥ ከሰዋስው ምሳሌ አመጣ። አንዱን ሥራ ከመደረጉ በፊት «ይደረጋል» እንላለን ከተደረገ በኋላ ደግሞ «ተደረገ» እንላለን እንደሚባለው፥ ግሡ በጊዜ ይለወጣል እንጂ የተነገረለት ነገር አይለወጥም። እንዲሁም ግዝረት የሚመጣውን፥ ጥምቀት የመጣውን አንድ ክርስቶስ ይናገራሉ አለ። ይህ ምሳሌ ለሚቀጥሉት 1000 ዓመታት የምዕራብን ቤተ ክርስቲያን አስተማረ።

የዙሪክ ወንዝ

የዘመን ጥያቄ እንደ ገና የተነሣው በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ነው። የከተማው ሰባኪ ኡልሪክ ዝዊንግሊ ከሮማ ሥርዓት ብዙውን ባስወገደ ጊዜ፥ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ከእርሱ ጋር ያጠኑት ወጣቶች ኮንራድ ግሬበልና ፌሊክስ ማንትዝ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አቀረቡ፤ ሕፃናት እንዲጠመቁ የሚያዝዝ ቃል በሐዲስ ኪዳን የት ይገኛል አሉ። የከተማው ሸንጎ በጥር 1525 ክርክሩን ሰምቶ ወላጆች ሕፃናታቸውን እንዲያስጠምቁ፥ እምቢ ያለም ከአገር እንዲወጣ አዘዘ። እነርሱ ግን ጥር 21 ቀን 1525 ማታ በማንትዝ እናት ቤት ተሰበሰቡ፤ በዚያም ግሬበል ጊዮርጊስ ብላውሮክ የተባለውን የቀድሞ ቄስ አጠመቀ፥ ብላውሮክም ሌሎቹን አጠመቀ። ጠላቶቻቸው አናባፕቲስት፥ ማለት ዳግም አጥማቂዎች አሏቸው። እነርሱ ስሙን አልተቀበሉም፤ የመጀመሪያው ጥምቀት ስላልነበረ ሁለተኛም የለም ይሉ ነበርና።

ዝዊንግሊ ለመመለስ የያዘው መንገድ የዘመን መንገድ ነበረ። እግዚአብሔር ከአብርሃም ጋር የገባው ኪዳንና ከክርስቲያኖች ጋር ያለው ኪዳን አንድ ነው፤ በፊተኛው ሕፃናት በግዝረት ከገቡ በኋለኛውም በጥምቀት ይገባሉ አለ። በ1531 በጦር ሜዳ ከሞተ በኋላ የተተካው ሄንሪክ ቡሊንገር በ1534 ስለ አንዱና ዘላለማዊው ኪዳን መጽሐፍ ጽፎ ይህን ትምህርት አስፋፋ። ካልቪንና በስኮትላንድ፥ በሆላንድ፥ በአሜሪካም የተነሡት የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ሕፃናትን የሚያጠምቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

አናባፕቲስቶቹ በአንጻሩ ብሉይና ሐዲስን ለያዩ። ከመካከላቸው ፒልግራም ማርፔክ የተባለው በስትራስቡርግና በአውግስቡርግ የውኃ ሥራ መሐንዲስ፥ ብሉይን «ትናንት» ሐዲስን «ዛሬ» ብሎ እየጠራ፥ የትናንቱን ለዛሬ ማምጣት ስሕተት መሆኑን ጻፈ። የሥነ መለኮት ዶክተር የነበረው ባልታዛር ሁብማየር በ1525 ፋሲካ በቫልድስሁት ከተማ 300 ያህል ሰዎች አጠመቀ፤ በዚያው ዓመትም አማኝ ብቻ እንዲጠመቅ የሚያስረዳ መጽሐፍ ለዝዊንግሊ መልስ አድርጎ አሳተመ።

የዚህ ክርክር ዋጋ ከባድ ነበረ። የዙሪክ ሸንጎ በመጋቢት 1526 እንደ ገና የሚያጠምቅ ሰው በውኃ ሰጥሞ ይሙት ብሎ ዐዋጅ አወጣ። ጥር 5 ቀን 1527 ፌሊክስ ማንትዝ እጁና እግሩ ታስሮ በሊማት ወንዝ ውስጥ ተጣለ። ሁብማየር በመጋቢት 1528 በቪየና በእሳት ተቃጠለ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሚስቱ ኤልስቤት በዳኑብ ወንዝ ሰጠመች። በሆላንድ ሜኖ ሲሞንስ የተባለው ቄስ፥ አንድ ሰው በ1531 እንደ ገና ስለ ተጠመቀ አንገቱ ተቀላ ሲባል ሰምቶ መጽሐፍ ቅዱስን መመርመር ጀመረ፤ በ1536ም ክህነቱን ትቶ የተበተኑትን መሰብሰብ ያዘ። ሜኖናይት የሚባሉት ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው።

ዳርቢና ስኮፊልድ

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ በሁለት ዘመናት፥ በብሉይና በሐዲስ፥ መካከል ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ዘመናቱን የበለጠ የከፋፈለ መምህር ተነሣ። ጆን ኔልሰን ዳርቢ በ1800 በለንደን ተወልዶ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ከተማረ በኋላ በአየርላንድ በዊክሎ ተራራማ አገር የአንግሊካን ቄስ ሆኖ አገለገለ። በ1827 ከፈረስ አደጋ በኋላ ተኝቶ ሲያገግም መጽሐፍ ቅዱስን በረዥሙ አጠና። ከዚያም የደረሰበት ዐሳብ፥ እስራኤልና ቤተ ክርስቲያን ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው፤ ለእስራኤል የተሰጠው ምድራዊ ተስፋ ገና ይፈጸማል፤ የቤተ ክርስቲያን ዘመን በመካከል የገባ ልዩ ዘመን ነው የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ ዲስፔንሴሽናሊዝም የሚባለው፥ በአማርኛ የዘመናት አከፋፈል ትምህርት ሊባል የሚቻለው፥ ሥሩ ይህ ነው።

የአብርሃምን ኪዳን ከቤተ ክርስቲያን የለየ መምህር የሕፃናትን ጥምቀትም ይተዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዳርቢ ግን አልተወም። በ1882 እስኪሞት ድረስ የአማኞች ቤተ ሰብ ከነሕፃናቱ እንዲጠመቅ ያስተምር ነበር፤ ጥምቀት በምድር ላይ ወደሚታየው የክርስትና ቤት መግቢያ ነው፥ የአማኝ ልጅም ከቤት ውጭ አይቀርም ይል ነበርና። በአንጻሩ ከእርሱ ጋር በአንድ እንቅስቃሴ ውስጥ የነበረውና በብሪስቶል የሙት ልጆች ማሳደጊያ በማቋቋም የታወቀው ጆርጅ ሙለር ካደገ በኋላ ተጠምቆ የአማኞችን ጥምቀት ብቻ ያዘ። ከዚህ እንደሚታየው የዘመን አከፋፈል የጥምቀትን ጥያቄ ይከፍታል እንጂ ብቻውን አይዘጋውም፤ መምህሩ ያደገበት ቤተ ክርስቲያን ልማድም ድርሻ አለው።

ዳርቢ ከ1862 እስከ 1877 ባሉት ዓመታት ወደ ሰሜን አሜሪካ እየተመላለሰ አስተማረ። ትምህርቱን ከጥቂቶች እጅ ወደ ብዙዎች ያወጣው ግን ሳይረስ ስኮፊልድ ነው። ስኮፊልድ በ1843 ተወልዶ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደር፥ ቀጥሎም ጠበቃ የነበረ ሰው ነው። ከ1882 ጀምሮ በዳላስ ከተማ አንድ ትንሽ ምእመናን ሲያገለግል ቆይቶ፥ በ1909 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ማብራሪያ ያለበትን መጽሐፍ ቅዱሱን አሳተመለት። በዚህም መጽሐፍ ዓለም በሰባት ዘመን ተከፈለ፤ የንጽሕና፥ የኅሊና፥ የሰው አገዛዝ፥ የተስፋ፥ የሕግ፥ የጸጋና የመንግሥት ዘመን ተባሉ። በእያንዳንዱ ዘመን ሰው በተሰጠው ትእዛዝ ይፈተናል፥ ይወድቃል፥ ፍርድም ይመጣል።

በመምህራን ዘንድ ይልቁንም ሊመረመር የሚገባው የመጽሐፉ አሠራር ነው። ስኮፊልድ ስለ ሰባቱ ዘመናት ሌላ መጽሐፍ ጽፎ ከመጽሐፍ ቅዱስ አጠገብ አላስቀመጠም፤ ትምህርቱን በዚያው ገጽ ላይ፥ በርእሱ፥ በኅዳጉና በግርጌው አኖረው። የገበሬ ልጅ፥ የሱቅ ሠራተኛ፥ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር መጽሐፉን ሲከፍት የነቢዩ ቃልና የስኮፊልድ ማስታወሻ ባንድነት በዐይኑ ይገባሉ። ከዓመታት በኋላ የትኛውን ከነቢዩ፥ የትኛውን ከግርጌው እንዳገኘ ለመለየት ይቸግረዋል። በ1917 መጽሐፉ ታርሞ እንደ ገና ታተመ። በ1924 ሉዊስ ስፔሪ ቼፈር በዳላስ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ከፍቶ ይህን ትምህርት ለሰባኪዎች ሥርዓተ ትምህርት አደረገው፤ ከ1947 እስከ 1948ም በስምንት ቅጾች አሳተመው።

የኪዳንን አንድነት የሚያስተምሩት ዝም አላሉም። በአሜሪካ የደቡብ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ በ1944 ይህ ትምህርት ከእምነት መግለጫው ጋር አይስማማም ብሎ አስታወቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኦስዋልድ አሊስ የተባለው የብሉይ ኪዳን ሊቅ የመቃወሚያ መጽሐፍ አወጣ። የዝዊንግሊ ሙግት በ400 ዓመት ርቀት እንደ ገና ተሰማ። እስራኤልና ቤተ ክርስቲያን ከተለያዩ ግዝረትና ጥምቀትም ይለያያሉ፤ እነርሱ ከተለያዩ ደግሞ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናት የሚጠመቁበት ዋናው ምክንያት ይወድቃልና።

ውኃውን የተዉት

ዘመንን የመክፈል መንገድ የት ላይ እንደሚቆም ሕግ የለውም። ይህን የሚያሳየው የእንግሊዛዊው ቄስ የኤተልበርት ቡሊንገር ታሪክ ነው። ይህ ሰው በ1837 ተወልዶ በ1913 የሞተ፥ ከ1867 ጀምሮ የሥላሴ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጸሐፊ የነበረ፥ ዕብራይስጥና ግሪክኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሊቅ ነበረ። ቤተ ሰቡ ከዙሪኩ ከሄንሪክ ቡሊንገር ዘር እንደ ነበረ ይነገራል። ዳርቢ የቤተ ክርስቲያንን መጀመሪያ በጰንጠቍስጤ ቀን ሲያደርግ፥ ይህ ቡሊንገር ግን ወደ ሐዋርያት ሥራ መጨረሻ፥ ጳውሎስ በሮም ታስሮ ለአይሁድ ከተናገረበት ጊዜ በኋላ አወረደው። እንዲህ ከሆነ በሐዋርያት ሥራ የተነገረው የውኃ ጥምቀት ሁሉ ለቀድሞው ዘመን የተሰጠ ነው፤ ለዛሬው ዘመን የተጻፉት ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ የላካቸው መልእክታት ብቻ ናቸው፤ በኤፌሶን መልእክት አንድ የተባለውም ጥምቀት የመንፈስ እንጂ የውኃ አይደለም የሚል ትምህርት መጣ። የጌታ እራትም እንዲሁ ቀረ። ሄንሪክ ቡሊንገር ሕፃናትን ወደ ውኃው ለማቅረብ ዘመናትን አሰረ፤ ዘሩ የተባለው ዘመናትን ለያይቶ ውኃውን ከሁሉም አስቀረ።

በአሜሪካም በቺካጎ ከተማ ኦሄር የተባለው ሰባኪ፥ ከእርሱም ጋር ኮርኔልዮስ ስታም፥ የቤተ ክርስቲያንን መጀመሪያ በጳውሎስ አገልግሎት ላይ አድርገው የጌታን እራት ሲይዙ የውኃ ጥምቀትን ተዉ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ክርስቶስ ለማጥመቅ አልላከኝም ማለቱን ማስረጃ አደረጉ። በዚያው ከተማ የሙዲ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበረው ሄሪ አይረንሳይድ ራሱ የዘመናት አከፋፈል መምህር ሳለ ተቃወማቸው። ስኮፊልድ በ1888 የእውነትን ቃል በቅን ስለ መክፈል ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ነበርና፥ አይረንሳይድ መልሱን የእውነትን ቃል በስሕተት ስለ መክፈል ብሎ ሰየመው። ነገር ግን አጥሩን ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ቀረ። ሁሉም መክፈል የተፈቀደ መሆኑን ያምናሉ፤ የተጣሉት ምላጩ የሚያርፍበት ገጽ ላይ ነው።

ዛሬ ለመምህር የሚተርፈው

በ1982 በፔሩ ሊማ ከተማ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት የእምነትና ሥርዓት ጉባኤ ስለ ጥምቀት፥ ስለ ቍርባንና ስለ ክህነት አንድ ሰነድ አወጣ። በዚህም ሰነድ ጥምቀት የማይደገም መሆኑ ተገለጸ፤ ሕፃናትን የሚያጠምቁና አማኞችን ብቻ የሚያጠምቁ ወገኖች እርስ በርሳቸው እንዲከባበሩ ምክር ተሰጠ። ክርክሩ በዚህ አልተፈጸመም፤ ነገር ግን በዙሪክ በወንዝ የተፈረደው ነገር በጠረጴዛ ዙሪያ የሚነገር ሆነ።

በኢትዮጵያም እነዚህ መሥመሮች ሁሉ ዛሬ ባንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። አንዱ ተማሪ በአርባ ቀኑ የተጠመቀ የኦርቶዶክስ ልጅ ነው። ሌላው በ1959 ከተቋቋመችው ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፥ ከሉተራውያን ወገን፥ በሕፃንነቱ የተጠመቀ ነው። ሦስተኛው በሜኖናይት መልእክተኞች ሥራ ከተጀመረችው ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የመጣና ጥምቀቱን ገና የሚጠብቅ ነው። አራተኛው በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ከገባው ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሥራ ከተገኘችው ከቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዚያም የሚጠመቀው አምኖ የመሰከረ ነው። አራቱም ባንድ ወንበር ተቀምጠው አንዱ ሌላውን «አልተጠመቅህም» ሊለው ይችላል። መምህሩ እንደ ሰባኪ ሊፈርድ አልተቀመጠም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ትምህርት ከየት እንደ መጣ፥ በማን እንደ ተነገረ፥ ስንት ሰው እንደ ሞተበትም ሊያስረዳ ይገባዋል። ይህን ያወቀ ተማሪ ባልንጀራውን ከመናቅ በፊት ጥቂት ያስባል።

ለዚህም የአገሩ የቀድሞ ትምህርት ቤት ጥሩ ልማድ ትቶለታል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ለብቻው፥ ትርጓሜ ለብቻው ይማራሉ። የመጻሕፍት መምህር ንባቡን ካስነገረ በኋላ አንዱን ትርጓሜ ይሰጣል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል፤ እንደ ገናም «አንድም» ይላል። ተማሪውም ንባቡ ከእግዚአብሔር፥ ትርጓሜው ከአባቶች መሆኑን፥ አንዱም ንባብ ብዙ ትርጓሜ ሊሸከም መቻሉን ሳይነገረው ይማራል። የስኮፊልድ ግርጌ የጐደለው ይህ «አንድም» ነው። በዛሬው ትምህርት ቤት የታሪክም ሆነ የግብረ ገብ መጽሐፍ ኅዳግና ግርጌ፥ የዘመን ሰንጠረዥና ርእስ የሞላበት ነው። መምህሩ ዘመን ከፍሎ በሰሌዳ ላይ ሲያሰምር፥ መሥመሩን ማን እንዳሰመረው መንገሩ፥ ሌላም አከፋፈል እንዳለ ማሳየቱ ከዋናው ትምህርት እኩል ሥራው ነው።